ወተቱ የፈሰሰበት ቦታ፦ በዘንዘልማና በአባይ ማዶ መካከል የደረሰ የአንድ አደጋ ምርመራ

ስንደርስ ወተቱ ላይ አፈር ተደፍቶበት ነበር። ደሙም ላይ እንዲሁ። የአካባቢው ሰው የሰው ደም መንገድ ላይ ፈስሶ እያየ ዝም ብሎ አያልፍም፤ ከቤቱ አካፋ ያመጣል፣ አፈር ያለብሰዋል፣ ቅጠል ይጥልበታል። ለሟች ክብር ነውና ማንንም አልተቆጣሁም። ለአደጋ መርማሪ ግን ከዚያ አፈር ሥር ያለው ነገር የሟች ቃል ነው። ሹፌሩ ቃሉን ይሰጣል፣ ረዳቱ ይሰጣል፣ በአካባቢው የነበረም ይሰጣል። የሞተው ሰው የሚናገረው በመንገዱ ላይ በቀረው ነገር ብቻ ነው።

ጉዳዩ አዲሱ የአባይ ድልድይ ከመከፈቱ በፊት፣ በጥቅምት ወር፣ ሊነጋጋ ሲል የሆነ ነው። የባለጉዳዮቹን ስምና የመዝገቡን ቁጥር ትቻለሁ። ቦታው ከጎንደር በወረታና በሐሙሲት አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ፣ ከዘንዘልማ ወዲህ አባይ ማዶ ሳይደረስ ያለው ቀጥ ያለ ክፍል ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ20 ገደማ፣ ሩዝ ጭኖ ከወረታ የመጣ አይሱዙ አንድ ሳይክል ነጂ ገጨ። ሟች በ40ዎቹ መጨረሻ ላይ የነበረ የልጆች አባት፣ ሁለት ጀሪካን ወተት ከኋላው ግራና ቀኝ አስሮ በየቀኑ ጎህ ሳይቀድ ወደ ከተማ የሚገባ ሰው ነበር። ባሕር ዳር የሳይክል ከተማ ናት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው በዘንባባው ጥላ ሥር የሚጋልበው ተማሪ ነው። እኔ ዓይን ላይ የሚመጡት ግን እነዚህ ናቸው፤ ከተማው ተኝቶ ሳለ ወተት፣ ጎመን፣ ከሰል ጭነው የሚገቡት።

ሹፌሩ አልሸሸም። ይህን አስቀድሜ መጻፍ አለብኝ። መኪናውን አቁሞ ወርዷል፣ ሰውየውን ከረዳቱ ጋር አንስቶ ባጃጅ ላይ ጭኖታል፣ ሆስፒታል ድረስም አብሮት ሄዷል። ሰውየው ሆስፒታል ሳይደርስ ነው ያረፈው። ሹፌሩን ያገኘሁት ሸሚዙ በደም ርሶ፣ ግድግዳ ተደግፎ ቁጢጥ እንዳለ ነው። ትንፋሹን መርምረን የአልኮል ምልክት አላገኘንበትም።

ወደ ቦታው ልመለስ። አይሱዙው ቆሞ ከነበረበት ተነሥቷል። ወደ ድልድዩ የሚሄደው መኪና ስለተደረደረ ሰዎች ረዳቱን «ዳር አስይዘው» ብለውት ወደ ቀኝ ጠጠሩ ላይ አውርዶታል። ሳይክሉን ከዛፍ አስደግፈውታል። ከመሬቱ ላይ እንዳለ የቀረው የጎማው የፍሬን ጭረትና ከአፈሩ ሥር ያለው ወተት ብቻ ነበር። አንድ የመብራት ምሰሶና አንድ የቱቦ ራስ መነሻ አድርገን ፕላን አነሳን። እያንዳንዱን ነገር ከሁለቱ ቋሚ ምልክቶች ስንት ሜትር እንደሚርቅ መለካት ነው ሥራው፤ ሁለቱ ርቀቶች ካሉ ቦታውን ከዓመት በኋላም ወረቀት ላይ መልሶ ማግኘት ይቻላል።

የኋላ መንታ ጎማዎች ጭረት 24 ሜትር ሆነ። ወተቱ የት እንደጀመረ ግን መለየት አልቻልንም፤ አፈሩ በሰፊው ነበር የተበተነው። ፀሐይ ወጥታ መሬቱ ሞቅ እስኪል ድረስ ሌላ ሌላውን ስንለካ ቆየን። ከዚያ አብሮኝ የነበረው ኮንስታብል «ዝንቡን እየው» አለኝ። ዝንቡ አፈሩን ሁሉ ትቶ በአንድ መስመር ላይ ነበር የሰፈረው። እዚያ ላይ በመጥረጊያ ቀስ አድርገን ስንጠርግ ወተቱ አስፋልቱ ላይ ወጣ፤ መነሻው ጠባብ፣ ወደ ባሕር ዳር አቅጣጫ እየሰፋ የሚሄድ። መነሻው ከአስፋልቱ ቀኝ ጠርዝ 1 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ነበር። ለካን፣ ፎቶ አነሳን፣ ጻፍን።

ለካን፣ አነሳን፣ ጻፍን እንጂ አላነበብነውም። የዚህ ጉዳይ ጥፋት፣ የእኔም ጥፋት፣ እዚህ ላይ ነው።

የሹፌሩ ቃል አጭር ነበር። «ከግራ ወደ ቀኝ ሲያቋርጥ ድንገት ገባብኝ። መብራት አልነበረውም። እንዳየሁት ፍሬን ያዝኩ፤ አልሆነም።» በዚህ ሥራ የቆየ ሰው «ድንገት ገባብኝ» የምትለዋን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማ አይቆጥራትም። ብዙ ጊዜ እውነት ናት። ብዙ ጊዜም ሹፌሩ ራሱ ያመነባት ናት፤ በጨለማ ውስጥ ያላየኸው ነገር ሲገለጥ ከየትም እንደመጣ ድንገት ነው የሚመስልህ። ረዳቱም «ተኝቼ ነበር፣ አላየሁም» አለ። ሳይክሉ የፊት መብራት እንደሌለው አይተናል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሪፖርቴ የአደጋው መነሻ በሚለው ክፍት ቦታ ላይ «ሳይክል ነጂው ያለ መብራት ድንገት መንገድ በማቋረጡ» ብዬ ጻፍኩ። በእጄ የጻፍኩት ስለሆነ በማንም ላይ አላላክከውም።

ባለንብረቱ በማግስቱ መጣ። ሩዙ ለሰው የተሸጠ ነው፣ ይራገፍልኝ አለ፤ ተራገፈ። መኪናውም እንዲለቀቅለት ማመልከቻ አስገባ። የምርመራው ሥራ በእኔ በኩል ያለቀ መስሎኝ የመልቀቂያውን ደብዳቤ ረቂቅ አዘጋጅቼ ነበር። አንድ ፊርማ ነበር የቀረው።

በአራተኛው ቀን፣ ሣልስቱ በወጣ ማግስት፣ የሟች ባለቤት ከወንድሟ ጋር መጣች። የመጣችው ሳይክሉን ለመጠየቅ ነው፤ የቤቱ እንጀራ በእሱ ላይ ነበርና ትልቁ ልጅ ወተቱን ማድረስ አለበት። በማስረጃነት የተያዘ ኤግዚቢት ስለሆነ አሁን እንደማይለቀቅ አስረድቻት ወደ ግቢው ወሰድኳት፣ እንድታየው ብቻ። ከኋላው ዞራ ቁጢጥ አለችና ጭቃ መከላከያውን በእጇ ዳሰሰች።

«ያቺ ቀይዋስ የታለች?» አለች።

«የቷ ቀይ?»

«ከኋላ የምታበራዋ። ተሰብራ ወድቃ፣ በፍልሰታ ሰሞን በሽቦ ያሰርኩለት እኔ ነኝ። መኪና ሲመጣ እሳት ትመስል ነበር እኮ፣ ጋሼ።»

ጭቃ መከላከያው ላይ ሁለት ቀዳዳ ነበር፤ በአንደኛው ውስጥ የተቆረጠ ሽቦ። አራት ቀን ግቢያችን ውስጥ ቆሞ አንዳችንም ከኋላው ዞረን አላየነውም።

ከኮንስታብሉ ጋር ያንኑ ከሰዓት ወደ ቦታው ተመለስን። ቀይዋን አንጸባራቂ ከመንገዱ ቀኝ ባለው ቦይ ውስጥ፣ ወተቱ ከጀመረበት 11 ሜትር ርቃ አገኘናት። ግማሿ ተሰብሯል፤ ሽቦው አብሯት ነው። ቢሮ ተመልሼ ፕላኑን እንደ አዲስ ዘረጋሁት። ያኔ ነው የለካሁትን ማንበብ የጀመርኩት።

መጀመሪያ ሳይክሉን ተመለከትኩ። ከግራ ወደ ቀኝ የሚያቋርጥ ሳይክል ጎኑን ነው ለመኪና የሚሰጠው፤ ፔዳሉ ይጣመማል፣ የመሃል ብረቱ ይታጠፋል፣ ሁለቱም ቸርኬ ሊጎዳ ይችላል። የዚህኛው ፔዳሎች ደህና ናቸው። የፊት ቸርኬው ሲሽከረከር አይወላገድም። የተጨማደደው የኋላው ቸርኬና መጫኛው ብቻ ነው፣ ያውም ከኋላ ወደ ፊት። ከአይሱዙው ፓራውልት፣ ከፊት መከላከያ ብረቱ፣ በስተቀኝ በኩል የጀሪካኑ ቢጫ ቀለም ታትሞ አገኘን፤ ከፍታው ሳይክሉ ቀጥ ብሎ ሲቆም ጀሪካኑ ከሚንጠለጠልበት ጋር ገጠመ። ሰውየው ቀጥ ብሎ፣ ቀኙን ይዞ፣ ከጠርዙ አንድ ሜትር ገባ ብሎ ሲሄድ ከኋላ ነው የተመታው። ለምን ወደ ጠጠሩ አልወረደም የሚል አለ። ሁለት ጀሪካን ወተት የጫነ ሳይክል ጠጠር ላይ ሚዛን አይይዝም፤ በአስፋልቱ ቀኝ ጠርዝ መሄድ ደግሞ መብቱ ነው።

ሁለተኛው ፍሬኑ ነው። ሹፌሩ «እንዳየሁት ፍሬን ያዝኩ» ብሏል። በፕላኑ ላይ የፍሬኑ ጭረት የሚጀምረው ወተቱ ከጀመረበት 6 ሜትር አልፎ ነው። ፍሬኑ የተያዘው ከግጭቱ በኋላ ነው ማለት ነው። ሹፌሩ ሳይክሉን ሳያየው ነው የገጨው።

ለምን አላየውም? እዚህ ላይ ነው ደብዳቤውን ሳልፈርም ወደ መኪናው የሄድኩት። የቀኝ የፊት መብራቱ መስታወት ተሰብሯል፤ ያን ጠዋትም አይተነው «በግጭቱ የተሰበረ» ብለን መዝግበን ነበር። አምፖሉ ግን አልተሰበረም። ነቅዬ በማጉያ መነጽር አየሁት።

አምፖል ስለ አደጋ የሚናገረውን ብዙ ሰው አያውቅምና ጥቂት ልቆይበት። በውስጡ ያለው የተንግስተን ክር ሲበራ ይግላል፣ ይለሰልሳል። በበራበት ቅጽበት ግጭት ሲመጣ የጋለው ክር ይለጠጣል፣ ጥቅልሉ ይፈታል፣ እንደተሳበ ሞላ ይሆናል። ጠፍቶ ቀዝቅዞ ሳለ ከተመታ ግን ተሰባሪ ነው፤ ወይ እንዳለ ይቆያል፣ ወይ ቀጭ ብሎ ይቆረጣል፣ የተቆረጠበትም ጫፍ ስለታምና የሚያብረቀርቅ ይሆናል። ዕድሜውን ጨርሶ የተቃጠለ ክር ደግሞ ሌላ መልክ አለው፦ ጫፎቹ ቀልጠው እንደ መርፌ ራስ ክብ ይላሉ፣ የአምፖሉም መስታወት በውስጥ በኩል ይጠቁራል። የዚህ አምፖል የአጭር መብራት ክር ጫፎቹ ክብ ነበሩ። መስታወቱ ጠቁሯል። የረጅም መብራቱ ክር አልተለጠጠም። አጭሩ መብራት ግጭቱ ሳይደርስ ቀደም ብሎ የተቃጠለ ነበር። ለቴክኒክ ምርመራ ልከነው የመጣው ውጤትም ይኸው ነው።

አንጸባራቂ ከራሱ ብርሃን የለውም። የኋላውን መኪና መብራት ተቀብሎ ይመልሳል እንጂ። ሚስቱ በሽቦ ያሰረችለት ቀይ በቦታዋ ነበረች፤ እሷን ሊያበራ የሚገባው የቀኝ መብራት ነው ያልነበረው። ያ አይሱዙ ከወረታ ጀምሮ በአንድ ዓይኑ ነበር የመጣው፣ ያውም መሃሉን እንጂ ዳሩን በማያሳየው ዓይን። መኪናው በተለቀቀ ኖሮ በዚያው ዕለት ጋራዥ ገብቶ አዲስ አምፖል ይገባለት ነበር፤ የባለንብረቱ ክፋት ሳይሆን መኪና ሲጠገን የሚደረገው ይኸው ስለሆነ። አሮጌው ቆሻሻ ውስጥ ይጣላል፣ የሟችም ቃል አብሮ ይጣል ነበር።

ረዳቱን እንደገና ጠራሁት። አሥራ ስምንት ዓመቱን ገና የደፈነ ልጅ ነው። አምፖሉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ዝም አልኩ። ብዙ ሳይቆይ አለቀሰ። «ከሁለት ቀን በፊት ነው የጠፋው፣ ጋሼ። ነግሬው ነበር። ባሕር ዳር ስንገባ እንቀይራለን አለኝ።» ሹፌሩም በሁለተኛው ቃሉ አልካደም። ማታ ሲያስጭን አምሽቶ ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ እንደተኛ፣ ከፊቱ የመጣ አውቶቡስ ረጅም መብራቱን ሳይቀንስ ዓይኑን እንደወጋው፣ ለጥቂት ጊዜ ምንም ሳያይ እንደነዳ ተናገረ። «ሰው መሆኑን ያወቅኩት ወተቱ መስታወቴ ላይ ሲረጭ ነው» አለ። ይህን ሲናገር ድምፁ የመዋሸት አልነበረም። የመጀመሪያውንም ቃል የሰጠው ሆን ብሎ ይመስለኛል ብዬ ለመጻፍ አልደፍርም፤ ደንግጦ ነበር።

ፍጥነቱን አሰላን። የፍሬኑን ጭረት ርዝመት በሜትር ወስዶ በአስፋልቱ የመያዝ አቅም ማባዛት፣ የዚያን ካሬ ሩት ማውጣት፣ በ15.9 ማባዛት ነው፤ የሚወጣው በሰዓት ኪሎ ሜትር ነው። ለደረቅ አስፋልት ከፍ ያለ ቁጥር መያዝ ይቻላል፤ እኔ ግን መኪናው ጭነት ስላለበትና ጥርጣሬ ለተከሳሽ ስለሚተረጎም 0.55 ያዝኩ። 24 ሜትር በ0.55 ሲባዛ 13.2፣ ካሬ ሩቱ 3.63፣ በ15.9 ሲባዛ 58 ገደማ ይሆናል። ሰው አደጋ አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ ቢያንስ አንድ ሰከንድ ተኩል ይወስድበታል። በ58 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በዚያች ሰከንድ ተኩል መኪናው 24 ሜትር ይሄዳል። ፍሬኑ የፈጀው 24 ሲጨመር 48 ሜትር። በአንድ መብራት፣ ዓይኑ በተወጋ ሰው፣ በቀኝ ጠርዝ ላይ ያለን ሳይክል ከ48 ሜትር ማየት አይታሰብም። 58 ኪሎ ሜትር ለዚያ መንገድ የበዛ አይመስልም ይሆናል፤ ለዚያ መብራት ግን በዝቷል።

አሁን የከበደኝን ልናገር። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደል ደረጃ አለው። ንዑስ ቁጥር 2 እንደ ሹፌርና ሐኪም የሰውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበትን ሰው ይመለከታል፤ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ከመቀጮ ጋር። ንዑስ ቁጥር 3 ደግሞ ግልጽ ደንብና መመሪያ ጥሶ የገደለውን ወይም ከአንድ በላይ ሰው የገደለውን ነው የሚይዘው፤ ከ5 ዓመት የሚጀምር ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮ። የፊት መብራት ሳይሠራ በሌሊት መንዳት በጊዜው ይሠራበት በነበረው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208/2003 ክልክል ነው። ስለ አምፖሉ የምጽፋት አንድ አንቀጽ አንድን ወጣት ከአንደኛው ንዑስ ቁጥር ወደ ሌላኛው ታሻግረዋለች። ያን ሌሊት አልተኛሁም። ጠዋት ግን ጻፍኩት፤ የመጀመሪያውን ሪፖርቴን ለምን እንደምሽር ጭምር በዝርዝር። የሳይክሉ የፊት መብራት አለመኖርንም አልደበቅኩም፤ ከኋላ ለተመታ ሰው መነሻ እንዳልሆነ ግን ገለጽኩ።

ሽማግሌዎች መጡ። ሦስት አባቶች ከአንድ ቄስ ጋር። ትልቁ፣ «ልጄ፣ የሞተውን አናስነሣው። ይህም የሰው ልጅ ነው፤ አንድ ቤት ተዘግቷል፣ ሁለተኛው አብሮ አይዘጋ» አሉኝ። ልባቸው ቀና ነበር። በእርቅ የሚቆም ዓይነት ክስ እንዳልሆነ፣ እርቁ ግን በፍርድ ቤት ቅጣት ማቅለያ ሊሆን እንደሚችል ነገርኳቸው። አንድ ነገር ደግሞ ለመንኳቸው፤ የእርቁ ወረቀት ለሴትዮዋ ቃል በቃል ሳይነበብላት ጣቷን እንዳያስነኩ። በእንዲህ ዓይነት ወረቀቶች መጨረሻ ላይ «ከዚህ በኋላ ምንም ዓይነት የካሳ ጥያቄ የለኝም» የምትል መስመር ትገባለች። ለተዝካሩ ወጪ ተብሎ በተሰጠ ገንዘብ የልጆች ዕድሜ ሙሉ መብት ሲፈረምበት አይቻለሁ።

ምክንያቱም ሕጉ የሰጣት ከዚያ ይበልጣል። በሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ለሞት የሚከፈለው ካሳ ጣሪያው በጊዜው 40,000 ብር ነበር፤ ብዙ ቤተሰብ ይህን ከተቀበለ በኋላ ነገሩ የተዘጋ ይመስለዋል። አልተዘጋም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የመኪናን ባለቤት ራሱ ጥፋት ባይኖርበትም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ሟች ባለቤቱንና ልጆቹን ያስተዳድርበት የነበረው ገቢ በዚህ ይጠየቃል። ክሱ ግን በመርህ ደረጃ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ሐዘን ላይ ለተቀመጠ ሰው ሁለት ዓመት ሳይታወቅ ያልፋል። ይህን ለወንድሟ በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። የመርማሪ ሥራ አይደለም የሚለኝ ባልደረባ ነበረኝ፤ እኔ ሥራዬ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዐቃቤ ሕግ በንዑስ ቁጥር 3 ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ካለው በኋላ ተጎጂውን ራሱ ወደ ሐኪም ቤት መውሰዱን፣ የቀድሞ ንጹሕ መዝገቡንና እርቁን ማቅለያ አድርጎ ቅጣቱን ዝቅ አደረገለት። ፍርዱ ሲነበብ የሟች ባለቤት ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ነበር። የሹፌሩ እናት ከሷ አንድ ወንበር አልፋ። ችሎቱ ሲነሣ አብረው ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ሌሊት የደረሰ አደጋ ስይዝ ከምንም በፊት የሁለቱንም መብራቶች አምፖል አስነቅላለሁ፤ ግራና ቀኙን ለይቼ በየራሱ ፖስታ አሽጌ ቀንና ሰዓት እጽፍበታለሁ። ሳይክል ከሆነም ከኋላው ዞሬ አያለሁ። አፈር የሚያለብሱትን አልከለክልም፤ ነገር ግን አካባቢው ያሉ ወጣቶችን ሳገኝ፣ አፈሩን ከማልበሳቸው በፊት ቢያንስ በስልካቸው ፎቶ እንዲያነሱልኝ እለምናለሁ።

ኤግዚቢቱ የተመለሰው የይግባኝ ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ልጁ መጥቶ ሳይክሉን ተረከበ፤ የኋላ ቸርኬ ይዞ ነበር የመጣው፣ እዚያው ግቢያችን ውስጥ ገጠመው። የተቀደደውን ጀሪካን አልፈልግም አለ። አንጸባራቂዋን ከፖስታው አውጥቼ ስሰጠው ሽቦው ላይ እንዳለ አየና ኪሱ ከተታት። ሳይክሉ ላይ ግን አዲስ ነበር ያሰረው፣ ሁለት።